ሲሸነፉ የሚሰማው ሳቅ

ሚሊ «እሺ» ካለ ዓመት አልፎት ነበር። ሠርግ ሲጠሩት «ሥራ በዝቶብኛል»፣ ኳስ እንይ ሲሉት «ዓይኔን ያመኛል»፣ ዝም ብለህ ና አጠገባችን ቁጭ በል ሲሉት «ሌላ ቀን» ነበር መልሱ። ይሄ ሌላ ቀን የሚሉት ቀን ደግሞ በየትኛውም ሳምንት ውስጥ ተገኝቶ አያውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱ ደውሎ «ቅዳሜ ያንን የመናፍስት ሆቴል ጨዋታ እንሂድ፤ አራት ሰው ይፈልጋል» ሲል፣ ጓደኛው ጥሩንባ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ የደወለው ማን እንደሆነ እንደገና አየ።

«ማን ልበል?» አለ።

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«አንተማ ልትሆን አትችልም። ያኛው ሚሊ አይወጣም፤ እቤቱ ተተክሎ የበቀለ ሰው ነው።»

ሚሊ ማለት መስታወት ቆራጭ ነው። ቅጽል ስሙ ከሚሊሜትር የመጣ ነው፤ «በዓይን ይበቃል» የሚባል ነገር አይገባውም። የመስኮት ልክ ሊወስድ ሲሄድ ይለካል፣ ደግሞ ይለካል፣ ከዚያ የቤቱን ባለቤት «እስቲ እርስዎም ይያዙልኝ» ብሎ የሜትሩን ጫፍ አስይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ይለካል። መቁረጫዋን ነጭ ጋዝ አስነክቶ አንዴ ብቻ ይስባል፤ መስታወቱም ሳያስቸግረው ይለያያል። ከመስታወት ጋር ሲኖር የኖረ ሰው ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። በቤቱ ውስጥ ድምፅ የነበራት ሚስቱ ነበረች።

እሷ ደግሞ ድምፅ ብቻ ሳትሆን እንጀራዋም ድምፅ ነበር። በአውቶብስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ የሚነሡትን መኪኖች የምትጠራው እሷ ነበረች። ስንቱ መንገደኛ ነው መልኳን ሳያይ «ፈጠን በሉ፣ ሹፌሩ አይጠብቅም» ስትለው ሻንጣውን ይዞ የሮጠው። አንድ ቀን የጨዋታ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰውዬ መኪና ሲጠብቅ ሰማትና እየጠየቀ የምትናገርበት ክፍል ድረስ መጣ። «ሙት የሚቀሰቅስ ድምፅ ነበር የምፈልገው፤ አገኘሁ» አላት። ስድብ ይሁን ሙገሳ ሳታውቅ እሺ አለችው።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ሰው በገዛ እግሩ ገብቶ ይቆለፍበታል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንቆቅልሹን ፈትቶ፣ ቁልፍ ፈልጎ ይወጣል። በሥራ ቦታው መቆለፉ ያልበቃው ሰው የፈጠረው መዝናኛ መሆን አለበት። ቤቱ የተሠራው በአሮጌ ሆቴል አምሳል ሲሆን የሆቴሉ ባለቤት ሞታም ሆቴሏን ያልለቀቀች አሮጊት ናት። ለተጫዋቾቹ የምትናገረው፣ መንገድ ሲጠፋባቸው ፍንጭ የምትሰጠው እሷ ናት። ያቺን አሮጊት ሆና የተቀዳችው የሚሊ ሚስት ነበረች። ያን ሰሞን እቤት ውስጥ ስትለማመድ ሚሊ ወደ ሥራ ሊወጣ በሩን ሲይዝ፣ ከጓዳ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ «ከዚህ ሆቴል የወጣ እንግዳ የለም» ትለው ነበር። እሱም ተመልሶ ይገባና አርፍዶ ይወጣል።

የተቀዳች ዕለት ስትመጣ ከሳቅ የተነሣ በሩ ላይ መናገር አቅቷት ነበር። ለካ መጨረሻ ላይ፣ ተጫዋቾቹ ሲሸነፉ የሚሰማ የክፋት ሳቅ ሳቂ ተብላ አልሆንላት ብሏል። ብትለው ብትሠራው የዶሮ ጩኸት ሆነ። ድምፁን የሚቀዳው ሰውዬ ተናዶ «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ሊያሳያት ሲነሣ ሽቦ ጠልፎት ከነወንበሩ ተዘረጋ። ያኔ እሷ የእውነቷን ሳቀች። ሰውዬው ወለሉ ላይ እንደተጋደመ «ይሄው፣ ይሄው ነው» አለ፤ ያንን ሳቅ ወሰዱት።

«ሌላው ሁሉ የአሮጊቷ ነው» አለችው ለሚሊ። «ሳቁ ብቻ የኔ ነው። ለነጥሩንባ እንዳትነግራቸው። ሁሉንም ሰብስበን እንወስዳቸውና እንሸነፋለን። ጥሩንባ ሳቄን ሲሰማ ፊቱን ማየት አለብኝ።»

ዛሬ ነገ ሲሉ ታመመች። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሌላ ሆስፒታል፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ምንም። ሲሉ የነበሩት ሁሉ እዚያው ቀረ።

ሚሊ ድምፅዋ አለው። ስልኩ ውስጥ «ሽንኩርት ይዘህ ና» የምትልበት አለ፣ «የት ደረስክ» የምትልበት አለ፣ በጉንፋን ተዘግታ «ቁልፌን ረስቻለሁ ቶሎ ድረስ» የምትልበት አለ። ሳቅዋ ግን የለም። ሰው ሲስቅ ማን ይቀዳዋል? በመጀመሪያዎቹ ወራት ሳቅዋን ባሰኘው ጊዜ በጆሮው ይሰማው ነበር፤ ያስለቅሰው ነበር፣ ግን ይሰማው ነበር። አሁን አሁን ሲጠራው የሚመጣለት የሌላ ሰው ሳቅ ሆነ፤ የጎረቤት፣ የሬዲዮ፣ የማንም። ሰውዬውን ያስፈራው ይሄ ነው። እሷ አንዴ ሞታበታለች፤ ሳቅዋ ደግሞ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየሞተበት ነበር።

ይህ ሲሆን ነው የአንድ ሱቅ የተሰበረ መስታወት ሊለካ ሄዶ፣ ቀና ሲል የጨዋታው ቤት በር ላይ «የመናፍስቱ ሆቴል የመጨረሻ ሳምንት፤ በቅርቡ ‹የጠፋችው መርከብ› የተባለ አዲስ ጨዋታ» የሚል ተለጥፎ ያየው። ሜትሩን ሱቁ ላይ ጥሎ ደረጃውን ወጣ። ለሚሊ ሜትሩን መጣል ማለት ለሌላው ሰው ጫማውን ጥሎ እንደ መሮጥ ነው። ፎቅ ላይ የጨዋታው ተቆጣጣሪ፣ መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት፣ «ለስንት ሰው ነው?» አለችው። አፉን ከፈተ። ምን ይበላት? ሚስቴ እናንተ ጋ ናት ይበል? ሳቅዋን ስጡኝ ይበል? ያላወቁት ሰው ፊት ሆዱን መግለጥ አቃተውና «ለአራት» ብሎ ወረደ።

ለጓደኞቹስ ለምን አልነገረም? አትንገራቸው ብላዋለቻ። ከእሷ ጋር ተመካክሮ ያልፈጸማት አንዲት ነገር ይህች ብቻ ነበረች። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለ።

እንግዲህ የሚሄዱት አራት ናቸው። አንዱ ራሱ ሚሊ ነው። ሁለተኛው ጥሩንባ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ለአፉ ለከት የሌለው፣ መኪናው ክላክስ ባይኖራት እሱ ይበቃታል የሚባል። ሦስተኛው መምህሩ ነው፤ ሒሳብ ያስተምራል፣ እንቆቅልሽ ካየ እህል ውኃ አይልም። አራተኛዋ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ሟች «ትንሿ» እያለች ስለጠራቻት ሁለት ልጅ ወልዳም፣ ሆስፒታል ውስጥ የአዋላጆች አለቃ ሆናም ስሟ ትንሿ እንደሆነ ቀረ።

ሦስቱ ሚሊ ልውጣ አለ ሲባል ተደዋውለው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የተሠራው፤ እነዚህ ሰዎች ብቻ ሊሠሩት የሚችሉት ስህተት። ትንሿ ለጨዋታው ቤት ደወለች። «እህቴ፣ እባክሽ» አለቻት ተቆጣጣሪዋን፤ «ወንድማችን ሐዘን ላይ ነው። ዓመት ሙሉ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። በምንም መንገድ እንዳይሸነፍ። ካልሆነላቸው በሩን አንቺው ክፈቺላቸው፤ ለሱ ግን እንዳይታወቀው።» ተቆጣጣሪዋም ሰው ናትና እሺ አለች። ሚሊ ይህን ያወቀው በኋላ ነው። አንዱ ለመሸነፍ ቋምጦ፣ ሦስቱ እንዲያሸንፍ አሲረው፣ ተቃቅፈው ገቡ።

መግቢያው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። ቀይ ምንጣፍ፣ ጥጥ ተፈልቅቆ የተሠራ የሸረሪት ድር፣ የተንጠለጠሉ የክፍል ቁልፎች፣ ጠረጴዛው ላይ በመዳፍ የሚመታ ደወል። ተቆጣጣሪዋ ስልካቸውን ተቀበለች፣ ሲጨንቃቸው ደወሉን እንዲመቱ ነገረቻቸው፣ በሩን ከውጭ ቆለፈች። መብራቱ ደበዘዘ። ከጣሪያው በኩል ድምፅ መጣ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ እንግዶቼ። ከዚህ ሆቴል የወጣ እንግዳ የለም።»

ሚሊ ጠረጴዛውን ያዘ። በጓዳዋ በር ብቅ ያለች መሰለው። ሌሎቹ ግን አላወቋትም። ድምፁን በመሣሪያ አወፍረውታል፣ አስተጋብተውታል፣ እሷም ራሷ አሮጊት ሆና ተሰነጣጥቃለች።

«ይቺ አሮጊት አክስቴን ነው የምትመስለው» አለ ጥሩንባ። «በሏት፣ ስንወጣ ብርድ ልብሷን እንመልሳለን።»

ትንሿ ሳቀች። እህቷ አናቷ ላይ እየተናገረች እሷ በጥሩንባ ቀልድ ትስቃለች። ሚሊ ሊነግራት ፈለገ፣ ደግሞም ቀና፤ ለአንድ ሰዓት እንኳ ድምፅዋ የእሱ ብቻ ይሁን አለ በልቡ። በዚህ አልፈርድበትም።

መምህሩ ሥራውን ጀመረ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የእንግዶች ሥዕሎች እየገለበጠ፣ ቁልፎቹን እያስተያየ ሲያጉረመርም፣ ሚሊ ሄዶ ደወሉን መታው።

«ኧረ ገና መች ሞከርን?» አለ መምህሩ ተቀይሞ።

«መስማት ይሻላል» አለ ሚሊ።

አሮጊቷ በሥዕሎቹ ላይ ስላሉት ሰዎች ግራ እጅ አንድ ነገር ተናገረች። ሚሊ አንገቱን ወደ ጣሪያው አቅንቶ ሰማት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መታ። መምህሩ ደወሉን አንሥቶ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። ተማሪዎቹ ስልክ ሲነካኩ የሚቀማው እንደዚያ ነው።

ወደ ኮሪደሩ የሚያስገባውን በር ከፈቱ፤ ከኮሪደሩም የመጨረሻው መኝታ ክፍል ገቡ። አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ አንሶላ የለበሰ ሬሳ መሳይ ነገር ተጋድሟል። ጥግ ላይ ቁም ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ ፊት ለፊት የመውጫው በር። የመውጫውን ቁልፍ ማግኘት ብቻ ነው የቀራቸው። ሚሊ ትራሱን ዳበስ ሲያደርግ ጠንካራ ነገር ነካው። ቀስ ብሎ አወጣና ኪሱ ከተተው።

«ትራሱን አየኸው?» አለችው ትንሿ።

«ምንም የለም» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በሥራው ላይ አንዲት ሚሊሜትር ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ የሟች እህትን ፊት ለፊት እያየ ዋሸ።

መምህሩ አልጋው ሥር ገብቶ አቧራ ለብሶ ወጣ። ጥሩንባ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ትከሻው አልወጣ ብሎት «ንገሩልኝ፣ ክፍሉን ወድጄዋለሁ» እያለ ጮኸ። ትንሿ ሬሳውን እንደ ሕመምተኛዋ አገላበጠችው። ሰዓቱ እያለቀ ሲሄድ ሦስቱም ተያዩ፤ ትንሿ ጣሪያው ላይ ወዳለው ካሜራ አንጋጥጣ ዓይኗን ጠቀሰች። ሚሊ ግን ይህን አላየም። ክፍሉ መሃል ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«እባካችሁ ዝም በሉ» አለ።

ጥሩንባ እንኳ የቁም ሣጥኑን በር መግፋቱን ተወ። ሚሊ መላ ሰውነቱ ጆሮ ሆነ። አሁን፣ አሁን አለ በልቡ። ትንሽ ነው የቀረው፣ ትስቃለች፣ እሰማታለሁ፣ ይበቃኛል።

ቀጭ አለ። የመውጫው በር በራሱ ተከፈተና ብርሃን ገባ። የመለከት ሙዚቃ ክፍሉን ሞላው።

«አሸነፍን» እያለ ጥሩንባ ከነቁም ሣጥኑ በር ወጥቶ ሚሊ አንገት ላይ ተጠመጠመ። መምህሩ ጀርባውን ደበደበው። ትንሿ ጉንጩን ሳመችውና ከንፈሯ ላይ የሆነ እርጥበት ተሰማት።

«ዝጉት» አለ ሚሊ።

«ማንን?»

«በሩን። ዝጉት። ገና ነው፣ ሰዓቱ አላለቀም።» ሄዶ በሁለት እጁ በሩን ስቦ ዘጋው። በሩ አልያዝ አለ፤ እንደገና ዘጋው፤ እንደገና ተከፈተ። ያኔ አልጋው ላይ፣ ሬሳ መሳዩ ነገር አጠገብ ተቀመጠና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሦስቱም ክው አሉ። ይህ ሰው በቀብሯ ዕለት እንኳ እንደዚህ ሲያለቅስ አላዩትም። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው።

«አንተ ጋ ነበር እንዴ?» አለ መምህሩ።

ሚሊ ነገራቸው። ስለ ቀረጻው፣ ስለ አሮጊቷ፣ ሽቦ ጠልፎት ስለ ወደቀው ሰውዬ፣ ሳቅዋ ለተሸነፈ ብቻ እንደሚሰማ። «ልንሸነፍ ነበር የመጣነው» አለ። «ከእሷ ጋር የተነጋገርነው እንደሱ ነበር። የጥሩንባን ፊት ማየት አለብኝ ብላ ነበር።»

ትንሿ ከመምህሩ ብብት ደወሉን ነጥቃ ወደ መቀበያው ክፍል ሮጠች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መታችው። ተቆጣጣሪዋ ምን እንደሆነ ሳይገባት አንዱን ፍንጭ ለቀቀችላት። «ቸኩላችሁ የት ልትደርሱ ነው፣ እንግዶቼ?» አለች አሮጊቷ። ትንሿ ወንበር ላይ ወጥታ ጆሮዋን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፈች። ቸኩላችሁ የሚለውን ቃል ማንም እንደዚያ ረገጥ አድርጎ አይልም፤ ልጅ እያለች ጫማዋን እያሰረችላት «ቸኩለሽ የት ልትደርሺ ነው?» ትላት የነበረችው እህቷ ራሷ ነበረች። ወንበሩ ላይ እንደቆመች ፊቷን ሸፈነች።

«እኔ ነኝ» አለች ሚሊ ሲደርስ። «እኔ ነኝ ደውዬ ይከፈት ያልኩት፣ ጋሼ። ደስ ይበልህ ብዬ ነው። እኔ ነኝ የቀማሁህ።»

«አንቺ ምን ታውቂ» አለ ሚሊ። ደግፎ አወረዳት።

ተቆጣጣሪዋ ደንግጣ ገባች። ትንሿ እጇን ያዘቻት። «እህቴ፣ ጨዋታው ይቅር። መጨረሻ ላይ የሚሰማውን ብቻ ክፈቺልን። ስንሸነፍ የሚሰማውን።»

«መብረቁን?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«ሳቁን።»

ሴትየዋ አንድ በአንድ አየቻቸው። መነጽሯን አወለቀች። «ሳቁማ ከተነሣ ቆየ» አለች። «ባለቤቱ ነው ያስነሣው። አያስፈራም አለ። ሰዎች ተሸንፈው ሳቁን ሲሰሙ እነሱም አብረው መሳቅ ይጀምራሉ፤ እየሳቁ ደረጃውን ይወርዳሉ። መናፍስት ቤት ከፍቼ ሰው እየሳቀ ይወጣብኛል ብሎ በመብረቅ ቀየረው። ያኔ የነበረው ኮምፒዩተርም ተበላሽቶ ተጥሏል። የቀዳውም ሰውዬ አገር ለቋል አሉ። ብትሸነፉ ኖሮም የምትሰሙት መብረቅ ነበር።»

ለትንሿ ይህ ምሕረት ነበር፤ የቀማችው ነገር አልነበረማ። ለሚሊ ግን ሁለተኛ ቀብር ነበር። ጥሩንባ ትከሻውን ያዘው። ማንም ማንንም ማየት አልቻለም።

ሊወጡ ሲሉ ተቆጣጣሪዋ «እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለች እያመነታች። «እዚህ ስገባ ገና እሱ ነበር የነበረው። በቀን ስንት ጊዜ እሰማው ነበር። ባይከፋዎት... እንዴት እንደነበር ላሳይዎት እችላለሁ።»

ሚሊ ቆመ። «በይ» አለ።

ሴትየዋ አፈረች፤ ጉሮሮዋን ጠራረገች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ አጭር ትንፋሽ ሳበች፤ ሳቁን ልትከለክለው እንደፈለገች፣ ሕቅ እንዳላት ሆና። ከዚያ ለቀቀችው። ሳቁ የሷው ነበር፣ ቀጭን፣ ያልሆነ ሳቅ። ያቺ መጀመሪያ ላይ የተሳበችው ትንፋሽ ግን የሟች ነበረች። ትንሿ «ውይ እህቴ» ብላ አፏን ያዘች። መምህሩ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሚሊ ብቻ አልተንቀሳቀሰም።

«ረስቻት ነበር» አለ። «ያቺን ትንፋሽ ረስቻት ነበር። ሳቁን ነበር ጠፋ ጠፋ የምለው፤ ያቺ ትንፋሽ መኖሯንም ረስቼ ነበር። ስንት ዓመት አብሬያት ስተኛ ስነሣ...» አልጨረሰውም።

ተቆጣጣሪዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ልድገመው?» አለችው።

ሚሊ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ። በጣም ፈልጎ ነበር።

«አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ከደገምሽው ከእንግዲህ የማስታውሰው ያንቺን ነው።»

ትንሿ ክንዱን ያዘችውና ደረጃውን ወረዱ።